ስለ እግሯ የመጣው ጥርስ

ኡላሚላ የገዛ እግሯ ጉዳይ ሲያልቅ የሰማችው ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ጉልበቷን በኮኮናት ዘይት ስታሽ አንድ መኪና ከሕንፃው ሥር ቆመ፤ የብዙ ሰው ኮቴ ደረጃውን ወጣ፤ ወንድሟ ኔታኒም «ግቡ፣ ግቡ» እያለ በጥድፊያ ምንጣፍ ሲያነጥፍ ተሰማት። በደሴቲቱ ከተማ፣ በራይዋቃ ሰፈር ያሉ የመንግሥት ቤቶች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ በእሷ መኝታና በሳሎኑ መካከል ደግሞ ጭራሽ ግድግዳ የለም፣ አበባ ያለበት መጋረጃ ነው። ስለዚህ ጆሮ መጣል አላስፈለጋትም። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይህች የዓሣ ነባሪ ጥርስ ትንሽ ናት፤ ጥፋታችን ግን ትልቅ ነው» ብሎ ጀመረ። ልጃቸው ኢኖኬ ሲነዳው በነበረው አውቶቡስ የዚህን ቤት ልጅ እግር እንደሰበረ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብለው መሄድ እንዳቃታቸው፣ ዛሬ ነገሩን መሬት አልብሳችሁ ቅበሩልን ብለው እንደመጡ ተናገረ። ከሰዎቹ አንዱ አፍንጫውን ይስብ ነበር፤ ኢኖኬ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። በእነሱ ወግ የዓሣ ነባሪ ጥርስ የይቅርታ መለመኛ ነው፤ ከተቀበሉት ነገሩ ይዘጋል። ኔታኒ ጥርሱን ተቀበለ። «ተቀብያለሁ። ተቀብሯል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤት ነን» አለ። ዝግ ያለ፣ ጠለቅ ያለ ጭብጨባ ተሰማና አለቀ። እግሩ ያለው ከመጋረጃው ወዲህ፣ እርቁ የወረደው ከመጋረጃው ወዲያ። እሷን የጠየቀ የለም።

እሷን መጠየቅስ እንዴት ይቻላል? ኡላሚላና ኔታኒ ከአንድ ማህፀን የወጡ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ናቸው፤ ፊት ለፊት ቃል ከተለዋወጡ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ተኳርፈው አይደለም። ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ወንድምና እህት በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ክብር ነው፣ ወግ ነው። ከተማ ገብተው ይህን እርግፍ አድርገው የተዉ ሞልተዋል፤ ጎረቤት ያሉት ወንድምና እህት እንዲያውም በረንዳ ላይ ቆመው ሲሰዳደቡ ይውላሉ። የእነ ኔታኒ ቤት ግን አልተወውም። እናም ነገር ሁሉ የሚያልፈው በኔታኒ ሚስት በቫሲቲ አፍ ነው። ሩዝ አልቋል በይው። ዝናብ ሊመጣ ነውና ጃንጥላ ትያዝ በያት። ሁለቱ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው፣ ቫሲቲ መሃል ላይ ሆና ወዲህና ወዲያ ታቀብላለች፤ አንዳንዴ ይሰለቻትና «ሰምተሻል፣ ሰምተሃል» ብላ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

ኡላሚላን ግራ ያጋባት ጥርሱ ብቻ አልነበረም፤ ዕለቱ ነው። ሐሙስ ነበር፣ አውቶቡሱ ገበያው መቆሚያ ላይ ወጥቶ ከግንቡ ጋር ካጣበቃት ልክ ሦስት ዓመት። ፍሬኑ እንደማይዝ ኢኖኬ ለድርጅቱ ሁለት ጊዜ ነግሮ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ንዳ፣ ቅዳሜ እናሠራዋለን» ብለውታል። እግሯ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ተገጣጥሞ አሁን እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀርቷል። የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪና ፔዳል ደግሞ ያለ ቀኝ እግር አይረገጥም። ዛሬ ቤት ቁጭ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ በእጇ ትጠልፋለች፣ አንዱን በሁለት ዶላር። ጠበቃዋ ሚስ ሻሊኒ ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነግራታለች፦ ሕጉ ለተጎጂ የሚሰጠው ሦስት ዓመት ነው፤ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ሲዘጋ የኡላሚላም መብት አብሮ ይዘጋል። ክሱ ተጽፎ አልቋል። የቀረው የእሷ ፊርማ ነው።

ሰዎቹ ሻይ ጠጥተው ሲወጡ፣ ኔታኒም የባንክ ጥበቃ ነውና ሸሚዙን ለብሶ፣ ግራጫ ሽርጡን አገልድሞ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ኡላሚላ በዱላዋ ተደግፋ ወጥ ቤት ገባች። ቫሲቲ ቢላዋ ይዛ ካሳቫ ትልጣለች።

«መጣሽ፣ አንካሳዋ ንግሥቴ» አለች ቫሲቲ ቀና ሳትል። የወንድም ሚስትና የባል እህት እዚያ አገር እንዲህ ካልተተራረቡ ታመዋል ማለት ነው። «ሻይሽ ቀዝቅዟል፤ እንዳንቺ ልብ።»

«ማነው ይቅር ብላለች ያለው?»

«አንቺ ነሻ። ማታ ኔታኒ ‹የልጁ ሰዎች ጠዋት ሊመጡ ነው፣ እሷ ምን ትላለች?› ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ‹ልጁን ይቅር ብላዋለች› አልኩት። አላልሽም?»

«ልጁን ነው እንጂ ያልኩት!»

«እኔስ ልጁን አይደል ያልኩት? ምን ጨመርኩ?»

«ስለ ጠበቃዋ ወረቀትስ ነገርሽው?»

ቫሲቲ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እሱንማ አንቺው ነሽ ‹እስኪያልቅ አትንገሪው፣ ያፍራል› ያልሽኝ። እኔ የእናንተ ፖስታ ቤት ነኝ፤ የታሸገ ደብዳቤ አልከፍት።»

ሁሉም ትክክል ነበር። ቫሲቲ ያለችው ትክክል፣ ኔታኒ ያደረገው ትክክል፣ ኡላሚላም የተናገረችው ትክክል፤ ተደምሮ ግን ገደል ሆነ። ኢኖኬን ይቅር ያለችው ከልቧ ነው። ሆስፒታል ድረስ አንድ ፓኬት ብስኩት ይዞ መጥቶ ግርጌዋ ቆሞ ያለቀሰ ልጅ ነው፤ በዚያው ወር ከሥራው አባረውት አሁን ገበያ ውስጥ የጎመን ጆንያ ይሸከማል። ድርጅቱን ግን ይቅር አላለችም፤ ይቅር በይኝ ያላትም የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ፣ የጠበቃዋ ደብዳቤ በደረሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው እነዚህ ሰዎች ጥርስ ይዘው የመጡት።

«በማን መኪና ነው የመጡት?» አለች።

«ቢጫ ነው፣ ያው የአውቶቡሱ ድርጅት። አንድ ክራባት ያሰረም አብሯቸው ነበር፤ ምንጣፉ ላይ አልተቀመጠም፣ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ሲጎረጉር ነበር።»

«ጥርሱ ይመለሳል?»

«ኔታኒ ‹ተቀብያለሁ› ብሎ? ሚስቱን ቢመልስ ይቀለዋል» አለች ቫሲቲ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ፊቷ ላይ አልቆየም። «ኡላ፣ ከፈረምሽ በሰው ፊት ቃሉን አጠፍሽበት ማለት ነው። ካልፈረምሽ ደግሞ... እኔ አላውቅም። እኔን አትጠይቂኝ።»

ሦስት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ያዘች። ደረጃውን መጀመሪያ በግራ እግሯ፣ ከዚያ ቀኙን በእጇ ጎትታ ነው የምትወጣው፤ ሹፌሩ ነዳጅ እየሰጠ ይጠብቃታል፣ ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁሉ ደግሞ እየጠበቀ እንዳልሆነ ለመምሰል ይሞክራል። አጠገቧ አንዲት ህንዳዊት አሮጊት በርበሬና ቲማቲም የሞላው ዘንቢል አቅፋ ተቀምጣ ነበር። እግሯን አየችና ምንም ሳትግደረደር ጠየቀቻት፤ ኡላሚላም ለማታውቃት ሴት ለወንድሟ ያልነገረችውን ሁሉ ነገረቻት። አሮጊቷ አዳመጠች። የእሷም ባል የስኳር ፋብሪካ እጁን እንደቆረጠው፣ ሰባት ዓመት እንደተካሰሱ፣ እሱ በስድስተኛው እንደሞተ አወጋቻት። «ካሳው ሲመጣ የመቃብር ሐውልት ሆነ፣ ልጄ። መካሰስ ዕድሜ ይበላል።» ደግሞም፣ «ግን ባንከስስ ኖሮ ሐውልቱም አይኖርም ነበር። ሁለቱን ልጆችም በዚያው ነው ያስተማርኩት» አለች። ኡላሚላ፣ «ታዲያ ምን ላድርግ ትይኛለሽ?» ስትላት አሮጊቷ ደወሉን ተጫነች። «እኔ ምን አውቄ? እዚህ ወራጅ ነኝ» ብላ ዘንቢሏን እየጎተተች ወረደች።

የሚስ ሻሊኒ ቢሮ ከከሚንግ ጎዳና ጥግ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ደረጃ፤ ኡላሚላ ቆጥራዋለች። ጠበቃዋ ችሎት ላይ ነበረች፣ ተላላኪዋም ልጇ ታሞባት ቀርታለች። ኡላሚላ አግዳሚው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ወረቀቱን ለስንተኛ ጊዜ አነበበችው። አንደኛ ተከሳሽ፣ ኢኖኬ። ሁለተኛ ተከሳሽ፣ ድርጅቱ። የልጁ ስም ከላይ መጻፉ አንጀቷን በላው። ፈርማ ብትሄድ ኔታኒ በሽማግሌዎች ፊት የሰጠው ቃል ቆሻሻ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛው ሠርግ፣ በየትኛው ለቅሶ ቀና ብሎ ይቀመጣል? እሷስ የማን ቤት ነው የምትኖረው? ሳትፈርም ብትሄድ ደግሞ አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ የቀረውን ዘመን በሁለት ዶላር ጠርዝ ልትጠልፍ ነው። አንድ ጊዜ ተነስታ እስከ ደረጃው አፍ ደረሰች። ሃያ ሁለቱን ደረጃ ቁልቁል አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ውሳኔ አልነበረም፤ ደክሟት ነው።

ሚስ ሻሊኒ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣች፣ ሠላሳዎቹን ያልጨረሰች ቀጭን ሴት፣ እየበላች የምትሄድ። የጥርሱን ነገር ስትሰማ ሮቲዋን፣ ያን ጥቅል ቂጣ፣ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች።

«የድርጅቱ ሰው እዚያ ነበር?»

«በር ላይ።»

«ታዲያ ‹ተጎጂዋ ቤት ድረስ ሄደን ታርቀናል፣ ቤተሰቧ ተቀብሏል› ሊሉ ነዋ። ፍርድ ቤቱ ይህን ምን እንደሚለው እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ አልዋሽሽም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ካላስገባን ፍርድ ቤቱ ምንም አይልም።» እስክሪብቶ ዘረጋችላት። ኡላሚላ አልተቀበለችም። «ትንሽ ላስብ» አለች። ሚስ ሻሊኒ ሰዓቱን አየች፤ ወደ ሌላ ፋይል ዞራ ያላነበበችውን ገጽ ገለጠች። እንዲህ ሆነው አንድ ሰዓት ገደማ አለፈ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረጃው ከበድ ባለ ኮቴ ተንቀጠቀጠና ኔታኒ በሩ ላይ ቆመ። የጥበቃ ሸሚዙን እንደለበሰ ነው። ቫሲቲ ምሳ ልታደርስለት ባንኩ በር ድረስ ሄዳ ሳለ አፏን መያዝ አቅቷት ሁሉን ዘርግፋለት ኖሯል። እሱም እህቱን ሲያይ ዓይኑን ሰበረና ወንበሩን አዙሮ፣ ጎኑን ሰጥቷት፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ዞሮ ተቀመጠ።

«የኡላሚላ ታላቅ ወንድም ነኝ» አለ ለጠበቃዋ። «ወረቀቱ ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ። ይነበብልኝ ማለቴ ቅር ይላት እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«እዚህ ናት እኮ!» አለች ሚስ ሻሊኒ።

«አይቻታለሁ። ጠይቂልኝ።»

ጠበቃዋ ሁለቱን ተራ በተራ አየች። የዚያው አገር ልጅ ናትና ወዲያው ገባት። «ወንድምሽ ይነበብልኝ ይላል።»

«ይነበብለት በይው» አለች ኡላሚላ ጭኗን እያየች።

ሚስ ሻሊኒ የጉዳቱን ዝርዝር ማንበብ ጀመረች። ለፍርድ ቤት የተጻፈ ቋንቋ ደረቅ ነው፤ እንባ አያውቅም። ከሳሽ ቀኝ ጉልበቷን ማጠፍ አትችልም። ከሳሽ ከሃያ ደቂቃ በላይ መቆም አትችልም። ከሳሽ ያለ ዱላ ደረጃ መውረድ አትችልም። ከሳሽ መንበርከክም ሆነ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ አትችልም።

«ይህን ድገሚው» አለ ኔታኒ።

ደገመችው።

ኔታኒ በሁለት እጁ ጉልበቱን ያዘ። በዚያ ቤት እራት የሚበላው ምንጣፍ ላይ ነው፤ ኡላሚላ ደግሞ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ሳህኗን ይዛ መኝታዋ ውስጥ ነው የምትበላው። ወንድሟ መሬት ተቀምጦ እሷ ወንበር ላይ ከፍ ብላ መቀመጥ ነውር ስለሆነባት ነበር። «ተቀይማኝ ነው ብዬ ነበር» አለ ለቀን መቁጠሪያው። «ሆስፒታል ሳለች አለሁልሽ አላለኝም ብላ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ።» ሸሚዙ አንገት ላይ ያለውን ቁልፍ ፈታ። ኡላሚላ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የሚያቀብልላት ግን ጠበቃዋ ብቻ ነበረች፣ ይህ ደግሞ ለጠበቃ የሚሰጥ ቃል አልነበረም።

«የጎደለ አለ» አለ ኔታኒ። «ጻፊ። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሁለተኛውን ድምፅ የምትይዘው እሷ ነበረች። ቆሞ ነው የሚዘመረው። አሁን ኋላ ወንበር ላይ ሆና ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ጽፈሻል? ሌሊትም ትነሳለች። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ነው፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ዝናብ የዘነበ ለታ እስኪነጋ ነው። ጫማም ስትገዛ ሁለት ጥንድ ነው የምትገዛው፣ እግሮቿ አንድ ልክ አይደሉም።»

ኡላሚላ አንዱንም ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ለቫሲቲም ቢሆን። በስሱ ግድግዳ ማዶ አንድ ሰው ስድስቱን እርምጃ ሲቆጥር ኖሯል። ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች። ሚስ ሻሊኒ የኮምፒውተሩን ቁልፎች እየደበደበች ትጽፋለች።

«ጥርሱስ?» አለች ጠበቃዋ በመጨረሻ። «ተቀብለሃል እኮ።»

«ለልጁ ነው የተቀበልኩት፤ እሱንም አላጥፍም። ድርጅቱ ግን ጥርስ አላመጣም። ሰውየው ምንጣፌን እንኳ አልረገጠም። ምን ይዞ ነው ታርቀናል የሚለው?»

«የልጁ ስም ግን ክሱ ላይ አንደኛ ተጽፏል። ላወጣው እችላለሁ፤ ነገር ግን ድርጅቱ ‹ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ አልተከሰሰም› ብሎ እንዲያመልጥ በር መክፈት ነው። ልትሸነፉ ትችላላችሁ። ይቆይ ወይስ ይውጣ?»

«ይውጣ» አለ ኔታኒ።

«ይውጣ» አለች ኡላሚላ። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ስላሉት ጠበቃዋ ማን እንደቀደመ አላወቀችም።

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ሰዓቱን ተመልከቱ!» አለች ሚስ ሻሊኒ። ስም ማውጣት ቀላል መስሏቸው ነበር፤ ግን ስሙ በየገጹ አለ፣ ቁጥሩ ሁሉ ይፋለሳል፣ ማተሚያው ደግሞ ሁለት ጊዜ ወረቀት ነከሰ። ኡላሚላ በሦስት ቅጂ ፈርማ ስትጨርስ አሥር ሰዓት ሊሆን አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ፍርድ ቤቱ የመንገዱ ሌላ ጫፍ ነው። ተላላኪዋ የለችም፤ ሚስ ሻሊኒ ቦርሳዋን ስትፈልግ ኔታኒ ወረቀቱንና የመዝገብ ክፍያውን ፖስታ ከጠረጴዛው አንስቶ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ሲወርድ ተሰማ።

ያኔ ኡላሚላን ሌላ ፍርሃት ያዛት። ዛሬ ጠዋት «ተቀብሯል» ያለው ይኸው ሰው ነው። መንገድ ላይ ሽማግሌዎቹን ቢያገኝስ? ልቡ ቢመለስስ? አንድ መንገድ ዞር ቢልና ቆሞ አሥር ደቂቃ ቢያሳልፍ ነገሩ ያለምንም ቃል ያልቃል፤ እሷም ለምን ብላ ልትጠይቀው አትችልም። ይህን በማሰቧ አፈረች፤ ማሰቧን ግን አላቆመችም። ተነስታ መስኮቱ ጋ ለመድረስ እግሯ እሺ አላላትም።

«ይታይሻል?» አለች።

ሚስ ሻሊኒ መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች። «አየሁት። እየሄደ ነው... ቆመ።»

«ለምን ቆመ?»

«አጎንብሷል። ኧረ ጫማውን እያወለቀ ነው! ሽርጡን ወደ ላይ ሰበሰበው... ሮጠ! ሰውዬው ይሮጣል እንዴ በዚህ ሰውነቱ? ታክሲ ሊገጨው ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። ዞረ፤ አሁን አይታየኝም።»

አሥር ሰዓት ሆነ፤ የከተማው ሰዓት ደወለ። አሥር ከሩብ ሆነ። ጠበቃዋ የቀዘቀዘችውን ሮቲ አነሳችና መልሳ አስቀመጠቻት። ኡላሚላ ደረጃውን ብቻ ታዳምጣለች።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ኮቴው መጣ፣ ዝግ ያለ፣ ባዶ እግር። ኔታኒ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ጫማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ገባ። በሌላው እጁ የያዘውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመና ፊቱን ወደ ቀን መቁጠሪያው አዞረ።

«ገብቷል» አለ።

ንገሪልኝ አላለም። ሚስ ሻሊኒ ከሰዓት በኋላ የለመደችው ሥራ ነውና ቃሉን ልታቀብል ወደ ኡላሚላ ዞራ አፏን ከፈተች። ኡላሚላ እጇን አንስታ አስቆመቻት። እሷም ዓይኗን እዚያው ቀን መቁጠሪያ ላይ ተከለች።

«ሰምቻለሁ፣ ወንድሜ» አለች።